ሳህን የምትሰብረው ልጅ

ማዳም የምትሰበስበው ሳቅ ነበር። ጅቡቲ የሚኖር ሌላው ፈረንጅ ዛጎል ይሰበስባል፣ ጊሌ የሚባለውን የአፋር ጩቤ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። የእኔዋ ግን አያቶቿ በወጣትነታቸው የሳቁባቸውን ፖስት ካርዶች ከያለበት እየለቀመች በአልበም ትደረድራለች። ሁሉም መቶ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ ሁሉም የቀልድ። በአማት የሚቀልድ አለ፣ በሰካራም የሚቀልድ አለ፣ ከጎመን ውስጥ ሕፃን የሚያበቅልም አለ። ከሁሉም አስበልጣ የምትወዳቸው ግን የቤት ሠራተኛ ቀልዶች ናቸው። ሠራተኛዋ ሳህን ስትሰብር፣ ሠራተኛዋ በቁልፍ ቀዳዳ ስታጮልቅ፣ ሠራተኛዋ ከወታደር ጋር ስትዳራ ወጡ ሲያርር። የእነዚህን ካርዶች አቧራ የማራግፈው ደግሞ እኔ የቤት ሠራተኛዋ ነበርኩ። እግዜር ሥራ ሲያድል አይሳሳትም።

ጅቡቲ የገባሁት ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በተነሳበት ዓመት ነው። የአሰብ መንገድ ሲዘጋ የአገሩ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ እኛ ሰፈር ናዝሬት መንገድ ዳር የሚያድረው ከባድ መኪናም በዛ። ልጄ ገና ጡት መጣሏ ነበር። አባቷ የት እንደገባ እሱ ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም። እሷን ለእናቴ አስረክቤ እኔ የሰው ቤት ልገባ ተነሳሁ። ስሄድ ለእናቴ አንድ ነገር ነው ያልኳት፤ «እኔ የሰው ቤት የምገባው እሷ እንዳትገባ ነው።» እናቴም «አሜን» አለች። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ቤት ልሥራ አላልኩም፣ ባል ላግባ አላልኩም። ልጄ የሰው ሳህን እንዳታጥብ ብቻ ነበር ምኞቴ።

የማዳም ቤት ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚሉት ሰፈር ነው፣ ከወደቡ ብዙም የማይርቅ። ባሏን በፈረንሳይኛው «ሙሴ» ነው የምለው፣ ጌታዬ እንደ ማለት፣ የመርከብ ጭነት ሥራ ነበረው። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ እርጥበቱ ካርዶቹን ያጎብጣቸዋል። በሙቀቱ ወራት ካምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳ ደግሞ አሸዋው በተዘጋ መስኮት ይገባል። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲቆም ማዳም መጀመሪያ የምትጮኸው ለአልበሞቿ ነው፤ «ያልባቸዋል! ያልባቸዋል!» እሮጥና እያንዳንዱን ካርድ አውጥቼ ቀለም በሚመጥ ወረቀት መሃል አስተኝቼ ትልቅ መዝገበ ቃላት እጭንበታለሁ። እኔ የምተኛበት ክፍል ማቀዝቀዣ ኖሮትም አያውቅ። እኔንም ያልበኝ ነበር፣ ግን ለእኔ ማንም አልጮኸም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቿ ይመጣሉ። በረዶ የገባበት መጠጥ አቀርብላቸዋለሁ፣ እሷ አልበሙን ትገልጣለች፣ ከፎቶው ሥር የተጻፈውን ታነብላቸዋለች፣ ይንከተከታሉ። አንዳንዴ እኔንም ትጠራኛለች። «ነይ፣ ነይ፣ ይቺን እያት! ቁርጥ አንቺን!» ፈረንሳይኛዬ እንኳን ለቀልድ ለገበያም አይበቃ ነበር፣ ቀስ እያለች ታስረዳኛለች። እኔም እስቃለሁ። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ሆድ ሲያርር እሱ ይገለፈጣል።

ልጅቷን የለየኋት ካርዶቹን ሳደርቅ ነው። መብራት የጠፋበት ቀን ነበር፣ ካርዶቹ ጠረጴዛው ላይ ተሰጥተዋል። ቆልላ የያዘቻቸው ሳህኖች ከእጇ የሚንሸራተቱባት ሠራተኛ፣ በሌላው ካርድ ላይ ውሻ የተጠበሰ ዶሮ ይዞ የሚሮጥባት፣ በሌላው ደግሞ እመቤቷ በመጥረጊያ የምታባርራት፣ አንዲት ልጅ መሆኗን አየሁ። የፊት ጥርሷ ተደራቢ ነው። በቀኝ እጇ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፣ እኔም እዚያው ቦታ ላይ አለኝ። ለፎቶው ብለው የሠራተኛ ልብስ አልብሰዋታል ይባል ይሆናል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ልጅቷ ከዚያ በፊትም ሠራተኛ ነበረች። ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ «ይበቃሻል፣ አሁን አስቀምጪው» እስኪሏት ተይዞ የሚቆይ ሳቅ ነው። እኔም ሐሙስ ሐሙስ የምይዘው እሱኑ ነው።

ለማዳም ነገርኳት። «እውነትሽን ነው፣ ያችው ናት!» ብላ አጨበጨበች። ካርዶቹ ለካ ተከታታይ ኖረዋል። ልጅቷ ጓዟን ጠቅልላ ከገጠር ስትመጣ ይጀምራል፣ ከዚያ ሳህኑን ትሰብራለች፣ ከዚያ ዶሮው ይሄዳል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ማዳም የጎደሉትን ፍለጋ አበደች። እኔም አብሬያት አበድኩ፣ የእኔ እብደት ግን ሌላ ነበር። እሷ የምትፈልገው ተከታታዩን ነው፤ እኔ የምፈልገው ልጅቷን ነው። ሙቀት ሸሽታ አገሯ ስትሄድ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ካርድ በካርቶን ገዝታ ትመጣለች፣ ከውስጡም ያላትን ዓይነት ስታገኝ «የተደገመው ያንቺ ነው» ትለኛለች። ለገና ስጦታዬም ይኸው ነበር፣ ለዕረፍቴም። እኔ ደግሞ ዓርብ ስወጣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ዓረብ ሱቅ ገብቼ፣ ማንም የማይገዛቸውን አሮጌ ካርዶች የሞሉበትን ሣጥን እበረብራለሁ። ሽማግሌው መጀመሪያ ያባርሩኝ ነበር፣ ኋላ ወንበር አመጡልኝ። ያገኘኋትን በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣታለሁ። የራሴ የምለው ነገር ጅቡቲ ውስጥ ያ ቆርቆሮ ብቻ ነበር።

የተደገመ በተደገመ ቁጥር አንዱን ወደ ናዝሬት እልካለሁ። ፒኬ 12፣ ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ፣ የሰፈራችን ሰው የሆኑ ሹፌር ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። የሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ሁሉ ጨርቅም፣ ሽቶም፣ ዱቄት ወተትም በእሳቸው ነው የምንልከው። አንድ ሕግ ነበራቸው። መሪው ላይ እጃቸውን ጭነው «ምን ልበልልሽ?» ይሉናል። ከመካከላችን ማልቀስ የጀመረች እንደሆነ «ተይ አንቺ ልጅ፣ እኔ ሲሚንቶም ማዳበሪያም እጭናለሁ፣ ክፉ ወሬ ግን አልጭንም። ደህና ናት ብያለሁ፣ አለቀ» ይላሉ። ሁላችንም ይህን ሕግ እናከብር ነበር። ጅቡቲ ካለች ሴት ወደ አገር ቤት ክፉ ወሬ አይላክም። ታመሽ ተኝተሽም ደህና ነሽ፣ ተመትተሽም ደህና ነሽ። እና እኔ ከደህና ነኝ ጋር የሚያስቅ ካርድ ጨመርኩበት። ምን አጠፋሁ?

ልጄ ካርዶቹን ወደደቻቸው። አፍ ስትፈታ፣ ዓርብ ዓርብ ካርቲየ 3 በሚሉት ሰፈር ካለው ስልክ ቤት ስደውልላት፣ «እማዬ፣ አብራሽ የምትሠራው ልጅ ዛሬ ምን ሰበረች?» አለችኝ። በካርዱ ላይ ያለችውን ልጅ የሥራ ጓደኛዬ አድርጋታለች። «አይደለችም፣ ይቺ ሰው ከሞተች ቆይታለች» ይባላል ለሕፃን? «ዛሬ የሾርባ ድስት ደፋች» አልኳት። ልጄ በሳቅ ፈረሰች። ስልክ ቤቱ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ሶማሌዎች ሳይቀሩ የሚሰሙት ሳቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓርብ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር አሰብራታለሁ። የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ የተሰደብኩትም እኔ ነኝ፤ በልጅቷ ስም አወራዋለሁ፣ ልጄ ትስቃለች። አድጋ ካርዱ የጥንት መሆኑ ሲገባት እንኳ ጨዋታውን አልተወችውም። ደብተሮቿን የምትለብደው በእነሱ ነበር። «የእናቴ ቤት» ትላቸው ነበር አሉ ለጓደኞቿ።

አንድ ካርድ ግን ልኬላት አላውቅም። እዚያ ላይ ጌትየው ከሰል ካለበት ጓዳ ወጥቶ ነው፣ እጁ ጥላሸት ለብሷል። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ እመቤቷ ፊት ቆማለች፤ በነጭ ሽርጧ ላይ፣ ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ጥቁር መዳፍ ታትሟል። እመቤትየዋ እጇን አንስታለች። በማን ላይ ይመስላችኋል? በልጅቷ ላይ። ሐሙስ ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ የሚስቁት በዚህ ነው። ሙሴም እቤት ካለ መጥቶ በትከሻቸው ላይ አጎንብሶ አይቶ ይስቃል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው የእውነት ስቄያለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ማዳም ገበያ ወጥታ ሳለ ሙሴ ማድ ቤት ገባ። ውኃ ሊጠጣ መሰለኝ። ዘይት እሳት ላይ ጥጄ ነበር፣ ከኋላዬ ያዘኝ፤ መጥበሻውን በእጀታው ይዤ ስዞር ጊዜ ነው የለቀቀኝ። ቀስ ብሎ እጁን ወደ ኪሱ መለሰና ፈገግ አለ፣ እንደ ሐሙሱ። ሸሚዜን አውልቄ አየሁት። ምንም የለበትም። የሙሴ እጅ ንጹሕ ነዋ፣ ሁልጊዜ በሽቶ ሳሙና የሚታጠብ። ለማዳም ብነግራት የማን ፊት እንደሚመታ ከካርዱ ተምሬያለሁ። ለምን ጥለሽ አልወጣሽም የሚል ሰው አይጠፋም። ወጥቼ የት ልግባ? ልጄን ማን ያስተምርልኝ? መጥበሻዬን ካጠገቤ ሳላርቅ ኖርኩ። ከዚያ በኋላ ግን በዚያ ካርድ ስቄ አላውቅም። ባዳው ጥርሴ እንኳ እምቢ አለኝ። ያንን ካርድ ያየ ሁሉ ይስቃል፤ የማይስቀው የደረሰበት ብቻ ነው። የተደገመውን ሰጥታኝ ነበር፣ ቆርቆሮው ውስጥ ከሁሉም በታች ቀበርኩት።

ልጄ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወደቀች። «ድጋሚ ትፈተኚያለሽ» አልኳት። «እማዬ፣ እኔ አንቺ ጋ ልመጣ ነው» አለችኝ። ስልኩ ላይ ጮኽኩባት፣ ሰደብኳት፣ እናቴን በማርያም ለመንኳት። «አንቺ እዚያ ስትስቂ እኔ እዚህ ምን ልሁን?» አለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ብዙም ሳይቆይ አንድ ዓርብ ፒኬ 12 ስደርስ ከጋሼ መኪና ጋቢና ውስጥ ልጄ ወረደች፣ ጓዟን በነጠላ ጠቅልላ። የመጀመሪያዋ ካርድ ቁርጥ እሷን።

«ምነው ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ? ባላመጣት በሌላ መኪና ልትመጣ ነው። ቢያንስ ከእኔ ጋር ትሁን አልኩ። ደግሞ ጥሩ ልጅ ናት፣ መንገዱን ሁሉ ስትስቅ ነው የመጣችው።»

እቅፌ ውስጥ አስገባኋት። ተለይቻት ስሄድ ጉልበቴ ጋ አትደርስም ነበር፣ አሁን በቁመት በልጣኛለች። አለቀስኩ፣ ከዚያ በጥፊ ልላት ፈለግኩ፣ ከዚያ እንደገና አለቀስኩ። በሚቀጥለው ጉዞ እንዲመልሷት ከጋሼ ጋር ተነጋግሬ እስከዚያው እኔ ጋ ወሰድኳት። ማዳም አይታት በጣም ደስ አላት። «እንዴት የምታስቅ ልጅ ናት!» አለች። ልጄ ምንም ሳታደርግ ነው፣ ጫማዋን አውልቃ ቆማ ብቻ።

ሐሙስ መጣ። ማዳም ያን ቀን አልበሙን አላወጣችም። ነጭ ሽርጥ ለልጄ አስራ፣ ጥግ ጥጋቸው የተሸራረፈ ሳህኖች ከቁም ሳጥን አውጥታ ክንዷ ላይ ቆለለችባት። ሳህን የሚሰበርበትን ካርድ ልታሠራ ነው። ጓደኞቿ ወንበራቸውን አዙረው ተቀመጡ። ልጄ ነገሩ ገባት፣ ካርዱን ከእነሱ ይበልጥ እሷ ታውቀዋለች። አንገቷን ሰበር፣ ዓይኗን ፍጥጥ፣ አፏን ክፍት አድርጋ ልክ እንደዚያች ልጅ ሆነች። ማዳም ስልኳን አነጣጥራ «አሁን!» ስትል ሳህኖቹን ለቀቀቻቸው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ስባሪው እግሯን ቧጥጧት ነበር፣ ደም አየሁ። ማዳም ግን «ቆይ፣ እንዳትንቀሳቀሺ፣ አንድ ጊዜ» እያለች ስለነበር ልጄ እግሯን ሳታነሳ ሳቋን ይዛ ቆመች። «ይበቃል፣ አስቀምጪው» እስኪሏት።

ስባሪውን የጠረግኩት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብዬ ስጠርግ ከሴቶቹ አንዷ፣ ትናንሽ ልጆች ያሏት፣ «ይቺን እኔ እወስዳታለሁ። ልጆቼን ታስቅልኛለች» አለች። ማዳም «ውሰጃት» አለች፣ እንደ ተደገመ ካርድ። ቀና ብዬ በፈረንሳይኛ «አይሆንም፣ ልትመለስ ነው» አልኩ። ከዚያ በአማርኛ ወደ ልጄ ዞሬ «ቤቴ ልውሰዳት እያለች ነው፣ እንዳትስማሚ! ሳቅሽን አቁሚና ወደ ውስጥ ግቢ!» አልኳት።

ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ገና አልወረደም። «እንዴ እማዬ» አለችኝ፣ «አንቺው አይደለሽ እንዴ ይህን ሁሉ ሳቅ የላክሽልኝ?»

በሰው ፊት፣ መጥረጊያ ይዤ፣ የማን እጅ የት እንዳረፈ ልነግራት? ሙሴ በር ላይ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ልጄ በማግስቱ ጓዟን ይዛ የሴትየዋ ቤት ገባች። እኔ የሰው ቤት የገባሁበት ምክንያት ሁሉ ያን ዕለት አለቀ።

ማዳም ፎቶውን እንደ ጥንቱ ካርድ አስመስላ አሳተመችው። አንዱን አልበሙ ውስጥ ከዚያች ልጅ ጎን ሰካችው፣ የተደገመውን ለእኔ ሰጠችኝ። ልጄ ያንን ለአያቷ ላከችው፣ በጋሼ እጅ። እናቴ በመስተዋት አስገብታ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፣ ጎረቤት ሁሉ እየገባ እያየ ይስቃል ብለው ነገሩኝ።

ዓርብ ዓርብ ከአገሬ ልጆች ጋር በተከራየናት የካርቲየ 3 ክፍል እንገናኛለን። መጀመሪያ ሰሞን የልጆቹን ነገር እያስመሰለች ታስቀን ነበር፤ ሲሮጡ፣ በሶማልኛና በፈረንሳይኛ እያደባለቁ ሲሳደቡ። እየቆየ ወሬዋ አጠረ፣ የልጆቹን አባት ደግሞ አንድም ቀን አስመስላው አታውቅም። «ደህና ነኝ» ማለት አበዛች። ደህና ነኝ የሚለውን ቃል እኔ ከማንም ይበልጥ አውቀዋለሁ። አንድ ዓርብ ሌሎቹ ሴቶች ወደ ባሕር ዳር ወጡ፣ ሁለታችን ብቻችንን ቀረን። ቆርቆሮውን ከፍራሹ ሥር አውጥቼ እስከ ታች ቆፈርኩና ያንን ካርድ ሰጠኋት።

«ይቺን አልላክሁልሽም ነበር» አልኳት።

ተቀበለችኝ። በር ላይ የሰፈር ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፣ ማራገቢያው ይንቋቋል። ያንን ሳቅ ስጠላው ነው የኖርኩት፤ የዚያን ቀን ግን እንደ ስለት ለመንኩት። እባክሽ ልጄ ሳቂ፣ እንደ እነዚያ ሴቶች ተንከትክተሽ ሳቂ፣ ምን እንደሆነ ሳይገባሽ ሳቂ አልኩ በልቤ። ጥርሷ አልታየም። መዳፎቹን በጣቷ ነካቻቸው።

«የዚህኛው እጁ ጥቁር ነው» አለች። «ይታያል።»

የሙሴን እጅ ንጽሕና ነግሬያት አላውቅም። ማንም አልነገራትም። ካርዱን ገልብጣ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችና ራሷን ጭኔ ላይ ጣለች፣ ያቺ በቁመት የበለጠችኝ ልጅ።

ወደዚያ ቤት አልተመለሰችም። ሴትየዋ «ልጆቼ ይወዷት ነበር፣ ምን ሆነች?» ብላ ማዳምን ጠይቃለች አሉ። እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት ፒኬ 12 ወስጃት ነበር። ጋሼ መኪናቸውን አሙቀው፣ እጃቸውን መሪው ላይ ጭነው እንደ ወትሯቸው «ምን ልበልልሽ?» አሉኝ። እኔ «ደህና ናት በሉ» አላልኳቸውም። ልጄን አዩአት። ልጄም «ደህና ነኝ» አላለችም። ጋሼ ከመኪናው ወርደው በሩን በራሳቸው እጅ ከፈቱላት። ክፉ ወሬ አልጭንም ሲሉ የኖሩት ሰው የዚያን ቀን ጠዋት ጫኑ።